ለልጄ እልል አልልም

እኔ ድሮ ቅርጫት ኳስ ማለት ረጃጅም ሰዎች ሥራ ሲፈቱ የሚጫወቱት ነገር ይመስለኝ ነበር። ኳስ በእግር ካልተመታ ለእኔ ኳስ አይደለም። በእጅ ይዞ መሮጥማ ዕቃ ማመላለስ ነው፤ ዕቃ ማመላለስ ደግሞ አየር ማረፊያ ውስጥ እኔም የምሠራው ሥራ ነው፣ ማንም ቲኬት ቆርጦ አይቶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ስለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ጠይቁኝ። አሰልጣኙ የማያውቀውን እነግራችኋለሁ። እኔም የማላውቀውን እነግራችኋለሁ። ተንታኝ መሆን እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገና ካናዳ፣ ካልጋሪ ስገባ እጀምረው ነበር።

ጣጣውን ያመጣብኝ እትዬ የሺ ናቸው። እትዬ የሺ እዚያው አየር ማረፊያ አብረውኝ ይሠራሉ፤ እኔ ሻንጣ እጭናለሁ፣ እሳቸው ጽዳት ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው። ናትናኤል ይባላል፣ ናቲ እንለዋለን። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ይኸው ልጅ ቁመቱ እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ ሳቫና የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ላይ ጎንበስ ማለት ሲጀምር አንድ ቀን "ማሚ፣ ኮሌጅ ቲም ገባሁ" አላቸው። እትዬ የሺ "ኮሌጅ" የምትለዋን ሰምተው እልልታቸውን አቀለጡት። "ቲም" የምትለዋን የሰሟት ቆይተው ነው።

እንግዲህ የእኛ ልጅ ይጫወታል ከተባለ የሚቀር ሐበሻ አለ? ይጫወታል ስል፣ ማሊያ ለብሶ ወንበር ላይ ይቀመጣል ማለቴ ነው። እኛም እሱ ሲቀመጥ ለማየት ቅዳሜ ቅዳሜ እንሄዳለን። ልጁ አቀማመጡ ጥሩ ነው። አንዳንዴ ፎጣ ያቀብላል፣ ያን ጊዜ እናጨበጭባለን።

እሁድ ደግሞ ትንተናው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሲቲስኬፕ ሰፈር ካለችው ዶናት ቤት እንሰበሰባለን፤ እኔ፣ ጋሼ ሙሉጌታና ብሩክ። ጋሼ ሙሉጌታ ጡረተኛ ናቸው፣ በወጣትነታቸው የቀበሌያቸው ቡድን በረኛ ነበሩ፤ የዓለምን ነገር ሁሉ በበረኛ ዓይን ነው የሚያዩት። ብሩክ ታክሲ ይነዳል። ጴንጤ ስለሆነና የእነሱ ፕሮግራም ስለሚረዝም ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ጾም ሲሆን እሱ ዶናቱን ይገምጣል፣ እኛ ኦርቶዶክሶቹ አፉን እያየን እንተነትናለን። ከመካከላችን ቅርጫት ኳስ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ማናችንም የማንሰማው።

አንድ እሁድ ብሩክ "ትናንት የተሸነፍነው ዞን ዲፌንሳችን ስለላላ ነው" አለ።

"ዞን?" አሉ ጋሼ ሙሉጌታ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው። "ዞን ካለ ወረዳው የት አለ? ቀበሌውስ? መዋቅሩ ሳይሟላ እንዴት አድርጎ ነው የሚከላከለው?"

ብሩክ ሊመልስ አፉን ከፈተና መልሶ በዶናት ዘጋው።

እትዬ የሺ ከትንተናው ጠረጴዛ አይመጡም፤ ሜዳ ላይ ግን የራሳቸው ትንተና አላቸው። ናቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ከባላጋራው እጅ ኳስ ሲነጥቅ የሜዳው ተናጋሪ በድምፅ ማጉያ "ስቲል ባይ ናትናኤል!" ብሎ ጮኸ። እትዬ የሺ ብድግ አሉ።

"ማን ሰረቀ? ልጄ? ልጄ እኮ የሰው ነገር አይነካም!"

"እትዬ፣ ማመስገኑ ነው" አላቸው ብሩክ። "ኳስ ቀማ ማለቱ ነው።"

"ታዲያ ቀማ አይልም? መቀማት ሌላ፣ መስረቅ ሌላ። መቀማት ወንድነት ነው። በሕዝብ ፊት ሌባ ይለዋል እንዴ?"

ይኼን ነገር እኔ ብዙ አሰብኩበት። እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ግጥሚያው ተናንቆ ተናንቆ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ከእኛ ዋናዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ፋውል አብዝቶ ተባረረና አሰልጣኙ ሌላ ሰው አጥቶ ናቲን አስገባው። ናቲ ኳሷን ይዞ ወደ ቅርጫቱ ሲዘል አንድ ግንድ የሚያህል ልጅ ገጨው። ፊሽካ ተነፋ፤ ሁለት ፍሪ ትሮው ተሰጠው። ፍሪ ትሮው ማለት ማንም ሳይነካህ መስመር ላይ ቆመህ የምትወረውረው ነው። ሁለቱንም ቢያገባ እናሸንፋለን።

ናቲ መስመሩ ላይ ቆመ። አዳራሹ በአንዴ ጭጭ አለ።

እኔ ደነገጥኩ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የእንግዳው ቡድን ልጅ ሲወረውር ይኸው ሕዝብ እግሩን እየደበደበ፣ እጁን እያወዛወዘ ጣሪያውን ሊያወርደው ነበር። ያኔ እኛ ብቻ ነበርን ጨዋ ሆነን፣ ሰው ሲወረውር አይረበሽም ብለን ዝም ያልነው። አሁን የራሳቸው ልጅ ሲወረውር አፋቸውን ያዙ! ለባላጋራ ጮኸው ለራሳቸው ልጅ ዝም የሚሉ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ደሜ ፈላ። ወደ እትዬ የሺ ዞርኩና "እትዬ፣ ምን ይጠብቃሉ? ልጅዎ ሰው የሌለው ይመስል! እልል ይበሉለት እንጂ!" አልኳቸው።

የእትዬ የሺ እልልታ የዋዛ አይደለም። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ እሳቸው ካሉ ማይክ አያስፈልግም ይባላል። ያ እልልታ በዚያ ጭጭ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሲለቀቅ ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ፋንድያውን... ይቅርታ፣ ፈንዲሻውን በተነው። የናቲ ኳስ ቀለበቱንም ሰሌዳውንም አልነካችም። በሰሌዳው አናት አልፋ ከኋላ ፎቶ ያነሱ የነበሩትን ሰዎች አስደነገጠቻቸው።

ናቲ ሁለተኛውን ከመወርወሩ በፊት ዘወር ብሎ ወደ እኛ አየ። እኔ የዋሁ ምስጋና መሰለኝ። "አዩ፣ ወደዱት! ይድገሙት!" አልኳቸው።

ደገሙት። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ስንወጣ እትዬ የሺ ፊታቸው ጠቁሯል። "ዓይን ነው" አሉ። "ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ ሲያፈጥበት አላየህም? የሚጮኽ ሰው አይፈራም፤ የሚፈራው ዝም ብሎ የሚያይ ነው። ዓይን በላብኝ። ለሚቀጥለው ከማህበሬ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ ነው የምመጣው። አስጩኼ ነው የማስወረውረው።"

በማግስቱ ዶናት ቤት ብሩክ ጉዳዩን ሲያስረዳን ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነው። "ለራስህ ሰው ዝም ይባላል፣ ኮንሰንትሬት እንዲያደርግ። የሚጮኸው ለባላጋራ ነው፣ እንዲስት። ሕጉ ይኼ ነው። ለመሆኑ ማነው እትዬ የሺን እልል በሉ ያላቸው?"

እኔ የብሩክን ዶናት በጥሞና መመልከት ጀመርኩ።

"ለባላጋራ ይጮኻል?" አሉ ጋሼ ሙሉጌታ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ወሬውን ወደ ራሳቸው ጎትተው። "እኔ በረኛ ሳለሁ ሰፈሬ በሙሉ ከኋላዬ ሆኖ የሚሰድበው እኔኑ ነበር!"

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ማክሰኞ ዕለት ናቲ ቴክስት ላከልኝ። "አንክል፣ ፕሊስ ማሚን ሳተርደይ አትምጪ በልልኝ። እኔ ልነግራት አልችልም። ታለቅሳለች። ቲም ሜቶቼ ሁሉ ያንን ድምፅ እያሰሙ እየሳቁብኝ ነው። ኮች ደግሞ ሳተርደይ ከመጀመሪያው አጫውትሃለሁ ብሎኛል። ፕሊስ።"

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ሻንጣ ተሸክሜአለሁ፤ ሰው አገሩን በሙሉ ጠቅልሎ የሚልክ የሚመስልበት ሻንጣ ተሸክሜአለሁ። እንደዚህች መልእክት የከበደኝ የለም። እናትን፣ ያውም በልጇ ቃል፣ "አትምጪ" ማለት! ያውም እልል በሉ ብዬ ጉድ የሠራሁት እኔው ራሴ ሆኜ!

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ እትዬ የሺ ሄድኩ። በግልጽ ልናገር አልኩና ሳህናቸውን ከፍተው ግማሹን ወደ እኔ ሲያሻግሩልኝ ወኔዬ ከዳኝ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመርኩ።

"እትዬ፣ ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል አይደል?"

"እውነት ነው የኔ ልጅ። ይኼን የምስር ወጥ ብላ፣ ሳይበርድ።"

"አንዳንድ ቦታ ደግሞ፣ ማለቴ፣ ድምፅ ሲበዛ..."

"አይ፣ እሱንስ ተወው። ሱፐርቫይዘራችን እኮ እንዲያው ስትለፈልፍ ነው የምትውለው። ደግ ነገር አነሳህ።" ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ ግን ከስተሃል። ሰላም ነህ? ሚስትህ ሰላም ናት?"

ወጡን በልቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ሐሙስ ሌላ ዘዴ ዘየድኩ። "እትዬ፣ ቅዳሜ ኃይለኛ በረዶ ይጥላል አሉ። ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ መኪና አይሄድም። ቢቀሩስ ይሻላል፣ ጨዋታውን እኛ እንነግርዎታለን" አልኳቸው።

"ውይ፣ እውነትህን ነው" አሉ። ደስ አለኝ። "በዚያ በረዶማ እኔ በባቡር አልወጣም። እንግዲያው አንተ ታደርሰኛለህ።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ እንደ ማስነጠስ ነው፣ ሳላስበው ነው የሚወጣው። ያችን አጋጣሚ ተጠቅሜ ቢያንስ መኪናው ውስጥ ቦታ የለም ብዬ የማህበሩን ሴቶች አስቀረሁ። ይኼን እንደ ድል ቆጠርኩት።

ዓርብ ደግሞ እግዜር ቀለደብኝ። ቺኑክ መጣ። የካልጋሪን ክረምት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያ ሞቃት ነፋስ ከተራራው በኩል ሲመጣ የወር በረዶ በአንድ ቀን ውኃ ይሆናል። ቅዳሜ እትዬ የሺን ልወስድ ሳቫና ስደርስ የጎረቤታቸው ልጆች በቲሸርት ብስክሌት ይነዳሉ። እትዬ የሺ በረዶ ይጥላል ብዬ ባስፈራራኋቸው መሠረት እንደ ድብ ተጀቡነው በር ላይ ቆመዋል።

"የታል በረዶህ?" አሉኝ።

"ይመጣል" አልኳቸው።

ጋሼ ሙሉጌታ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የቴክስቱን ነገር ቀደም ብዬ አማክሬአቸዋለሁ። ኮሌጁ ጋ ደርሰን ፓርክ አደረግኩ። አሁን ነግሬአቸው ልገላገል ወይስ ጨዋታው ሲያልቅ ልንገራቸው እያልኩ ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ ስቁለጨለጭ፣ ጋሼ ሙሉጌታ ከኋላ አንገታቸውን አስግገው "ነገርካቸው?" አሉኝ።

"ምኑን?" አሉ እትዬ የሺ።

በቃ። ማምለጫ የለኝም። ስልኬን አወጣሁና የናቲን ቴክስት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። እልል በሉ ያልኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ልጁ የሳተው በዓይን ሳይሆን በእኔ እንደሆነ ጨምሬ ነገርኳቸው።

"'ታለቅሳለች' አለ?" አሉ እትዬ የሺ።

"አዎ።"

"አላለቅስም" አሉና አለቀሱ።

ጋሼ ሙሉጌታ መሐረባቸውን ከኋላ ዘረጉላቸው። እትዬ የሺ ፊታቸውን ጠረጉና ቀበቷቸውን ሳይፈቱ "በሉ እናንተ ግቡ፣ እንዳይረፍድባችሁ" አሉ። "እኔ እዚሁ መኪናው ውስጥ እጠብቃለሁ። ዛሬ ደግሞ ሞቅ ብሏል፣ አይበርደኝም። ልጄ ባገባ ቁጥር ስልክ ደውሉልኝ። ልጄ እኮ ክፉ አይደለም። አፍሮብኝ ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ እናቴ ገበያ መሃል ስትጠራኝ አፍር ነበር።"

አይ እናት! "እትዬ፣ እርስዎ ካልገቡ እኔም አልገባም" አልኩ። ጋሼ ሙሉጌታም "እኔም አልገባም" አሉ፤ ከዚያ ትንሽ አሰቡና "ግን ሁላችንም ከቀረን ማን ያያል?" ብለው ወደ ሽምግልና ገቡ። ከላይ ጥግ ላይ ልጁ በማያያቸው ቦታ እንዲቀመጡ፣ ድምፅ ላያወጡ ግን እንዲምሉ ተስማማን።

"ይማሉ" አሉ ጋሼ ሙሉጌታ እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

እትዬ የሺ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። "ማርያምን! ለልጄ እልል አልልም።"

ሕግ የሚያውቅ ሰው አብሮን ቢኖር ኖሮ ይኼ መሐላ ክፍተት እንዳለው ይነግረን ነበር።

ገባን። ብሩክ ቀድሞ መጥቶ ቦታ ይዞልናል። እትዬ የሺን ከላይ ጥግ አስቀምጠን በሦስት ወንድ ከበብናቸው። ናቲ እውነትም ከመጀመሪያው ተሰልፏል። እንዴት ያለ ልጅ ነው እናንተዬ! ሮጠ፣ ዘለለ፣ ሰረቀ... ይቅርታ፣ ቀማ። ከሩቅ ወርውሮ ሲያገባ እኔ ራሴ ወንበሬን ለቅቄ ዘለልኩ። እትዬ የሺ ግን የስካርፋቸውን ጫፍ ነክሰው ይዘዋል። ልጃቸው ባገባ ቁጥር እልልታው ከሆዳቸው ተነስቶ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ ይታየኛል፤ ይውጡታል፤ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። "ምጥ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም" አሉኝ በስካርፋቸው ውስጥ።

ግጥሚያው እንደ ባለፈው ተናነቀ። መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ምንም ሳይቀረው፣ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። የእንግዳው ቡድን ልጅ ተገጭቷል፤ ሁለት ፍሪ ትሮው ለእነሱ። ልጁ እንደ መብራት እንጨት የረዘመ፣ ቀይ ፀጉር ያለው፣ ክንዱ ከቅጥነቱ የተነሳ የሚያሳዝን ነው። ኳሷን ይዞ መስመሩ ላይ ሲቆም ሕዝቡ አበደ። ጩኸት፣ ጭብጨባ፣ እግር ድብደባ። አንዱ ተማሪ ሸሚዙን አውልቆ እያሽከረከረ ነው።

እትዬ የሺ ስካርፋቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ምን አድርጓቸው ነው?"

"እንዲስት ነው፣ እትዬ። ሕጉ ነው" አላቸው ብሩክ።

"እንግዳ አይደለም እንዴ? ስንት መንገድ አቋርጦ የመጣ ልጅ! እንግዳ እንዲህ ይቀበሉታል?"

ልጁ ወረወረ። ሳተ። ሕዝቡ ፈነደቀ። ልጁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ከላይ ከጥጉ ድረስ ይታያል።

"ወይኔ ልጄን!" አሉ እትዬ የሺ። "እናቱ እኮ የለችም። ይኼ ሁሉ ሰው ሲጮኽበት አንድ ሰው ይጣ? አይዞህ የሚለው አንድ ሰው ይጣ?"

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"መሐላ አለብዎ!" አሉ ጋሼ ሙሉጌታ።

"የማልኩት ለልጄ ነው!" አሉና ተነሡ። "ይኼ የሰው ልጅ ነው!"

ያ ሲውጡት የዋሉት እልልታ ሁሉ፣ የጨዋታው ሙሉ ተቀማጭ፣ በአንድ ላይ ወጣ። እመኑኝ፣ ያን የመሰለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ አካባቢያችን ያለው ሰው ዝም አለ። ከዚያ ያ ሸሚዝ የሚያሽከረክረው ልጅ ሸሚዙን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ዝም ብሎ ወደ ላይ አየ፣ የእሳቸው ድምፅ ብቻ ጣሪያው ሥር ይዞራል። ቀይ ፀጉሩ ልጅ ኳሷን ከእጁ ሲለቅ እሱም ቀና ብሎ ያየው ወደ እኛ እንጂ ወደ ቅርጫቱ አልነበረም። ኳሷ ሰሌዳውን ጠርዝ ጠርዙን ገጭታ ተመለሰች። ናቲ ዘሎ አቀፋት። ደወሉ ጮኸ። አሸነፍን!

ምኑን ልንገራችሁ! ሕዝቡ ከሜዳው ይልቅ ወደ እኛ ዞሮ አጨበጨበ። የማናውቀው ሰው ሁሉ እየወጣ እትዬ የሺን እጃቸውን ይጨብጣቸው ጀመር። ተማሪዎቹ "ልልልልል" እያሉ ምላሳቸውን ሊነክሱ ደረሱ። አንዲት ሴትዮ በእያንዳንዱ ግጥሚያ ይመጡ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ብሩክ እየዘለለ "ሃሌሉያ" ይላል። ከታች ናቲ ኳሷን እንዳቀፈ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያየናል። እኔም ዓይኔን ከእሱ ሸሽጌ ጋሼ ሙሉጌታ ጀርባ ገባሁ።

እትዬ የሺ ግን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ልጁን ገደልኩት!" ይላሉ። "እኔ እኮ አይዞህ ማለቴ ነው! እኔ እኮ መመረቄ ነው! ይቅርታ ሳልጠይቀው ከዚህ ቤት አልወጣም።"

ልናስቆማቸው ሞከርን። ያን ሁሉ ድርብርብ ልብስ እንደለበሱ፣ በበረዶ ቡት፣ ደረጃውን ወረዱና ሜዳው መሃል ገቡ። እኛም ተከተልናቸው። ናቲ እጁን ዘርግቶ ወደ እሳቸው ይመጣል። አላዩትም! ልጃቸውን በአጠገቡ አልፈው ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ወደተቀመጠው ቀይ ፀጉር ልጅ ሄዱ።

"ማይ ሰን" አሉት፣ "ሶሪ። ሚ... ቬሪ ሶሪ።" እንግሊዝኛቸው እዚያ ላይ አለቀ። ዞር አሉ። "ናቲ! ና ንገርልኝ። ስትወረውር እየመረቅኩህ ነበር በለው።"

ናቲ ላብ በላብ ሆኖ ቆመ። "መረቅ? ላይክ... ሾርባ?"

"ምን ሾርባ አመጣው! መመረቅ! ምርቃት!"

"ኦ! ምርቃት!" አለ ናቲ ፊቱ በርቶ። ምርቃት የሚያውቀው ጋዋን ለብሰው ፎቶ ከሚነሡበት ነው። ወደ ልጁ ዞረና በእንግሊዝኛ "በዲግሪ ላስመርቅህ እየሞከርኩ ነበር እያለች ነው" አለው።

ልጁ ፎጣውን ከራሱ ላይ አነሣ። ግራ በመጋባት እትዬ የሺን አየ፣ ናቲን አየ። "ገና የመጀመሪያ ዓመት እኮ ነኝ" አለ።

"ምን አለ?" አሉ እትዬ የሺ።

"ገና ነኝ ይላል።"

"ገና ቢሆንም ይደርሳል! ቁም በለው።"

ልጁ ቆመ። ቆሞ ቆሞ አላልቅ አለ። እትዬ የሺ ደረቱ ጋ እንኳ አይደርሱም። እጃቸውን ወደ ላይ አንጠራርተው፣ እሱም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጎንበስ አለላቸውና፣ ራሱን ዳሰሱት። "እደግ!" አሉት። "እደግ ተመንደግ የኔ ልጅ!"

ይቺን ናቲ ትርጉም አላስፈለገችውም፤ ከተወለደ ጀምሮ በላዩ ላይ ሲወርድበት የኖረ ቃል ነው። "እደግ ነው የምትልህ" አለው።

"ከዚህ በላይ?" አለ ልጁ።

ናቲ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። የሁለቱም ቡድን ልጆች ተሰብስበው ይስቃሉ። እትዬ የሺ ለምን እንደተሳቀ ባይገባቸውም ልጁ በመሳቁ ደስ ብሏቸው አብረው ሳቁ። ልጁ ፊቱን እየጠረገ ናቲን በእንግሊዝኛ "ማናት ግን?" ብሎ ጠየቀው።

ጋሼ ሙሉጌታ ክንዴን ጨመቁት። የናቲ ቡድን ልጆች ሁሉ፣ ያን ድምፅ እያሰሙ ሲስቁበት የሰነበቱት ሁሉ፣ እዚያው ቆመዋል።

ናቲ እጁን እናቱ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ሲያስተረጉም ምላሱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ነው መሰለኝ፣ ለዚያ አንዲት የአማርኛ ቃል ለማያውቅ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እናቴ ናት" አለው።

ልጁም ገብቶት ራሱን ነቀነቀ።

እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ሞልቷል። "ምን አለ?" አሉኝ።

"እናቴ ናት አለ።"

"በምን ቋንቋ?"

"በአማርኛ ነዋ፣ እትዬ።"

"እኔ እኮ አልሰማሁትም" አሉ፣ ፈገግታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። "እስቲ ድገምልኝ።"